ሉሚንግና አንካሳዋ ጎሽ

ሉሚንግ የግራ መዳፏን በወረቀቱ ክምር ላይ ተጭና፣ በቀኝ እጇ ወስፌውን ትሰካለች። አራት ቀዳዳ፤ ከዚያ መርፌው፤ ከዚያ በሰም የታሸው ክር። እናቷ በፊሊፒንስ፣ በኢሎኢሎ ከተማ ፍርድ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ መዝገብ ስትሰፋ የኖረች ሴት ነበረች። ሁለቱን ሴቶች ልጆቿንም ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት መስፋት አስተማረቻቸው። «ልቅ ወረቀት ምስክር አይሆንም። ነፋስ ያሻውን ገጽ ይወስድበታል» ትላቸው ነበር። ስለዚህ ሉሚንግ የሕግ ፕሮፌሰር ከሆነችም በኋላ፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ፣ የመጣላትን ሰነድ ሳትሰፋ አንብባ አታውቅም። እየሰፋች ታነባለች፤ ሰፍታ ስትጨርስ አንብባም ጨርሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ታላቅ እህቷ ማናንግ ቲባይ ጥቁር አተር ትፈለፍላለች።

«ዛሬ ደግሞ የማንን ጦርነት ነው የምትሰፊው?» አለች ማናንግ ቲባይ፣ ዓይኗን ከአተሩ ሳታነሳ።

«የአግሉንታይን።»

«ተራራው ላይ ያለችውን? ልጆቹ ያለቁባትን?»

«እሷኑ።»

«አንቺን ምን አገባሽ? ጡረታ ወጥተሻል፤ አርፈሽ አትቀመጪም?»

«አጣሪ ጉባኤው ከዚህ መዝገብ ውስጥ አንድ ወረቀት አንብቢና ደህና ነው ወይስ አይደለም በይን አለኝ። ሁለት ገጽ ናት።»

«ለሁለት ገጽ አንድ ጥቅል ክር!» ማናንግ ቲባይ ሳቀች። «እንኳን አላገባሽ። ባል ቢኖርሽ ኖሮ በኪሱ የተገኘውን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ትሰፊበት ነበር።»

«አንቺ አግብተሽ ምን አተረፍሽ? የሸሚዝ ቁልፍ ስትሰፊ ኖርሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሉሚንግ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር፣ በተራራው ወገብ ላይ በምትገኘው በአግሉንታይ መንደር፣ የጦር አውሮፕላን ሁለት ቦንብ ጎተራው ላይ ጣለ። አሥራ አራት ሰው ሞተ፤ ዘጠኙ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ቦንቡን ያስጣለው ብርጌድ ሰዎች ጎተራው ውስጥ የነበሩት ታጣቂዎች ናቸው፣ የሕፃናቱን ሬሳ በኋላ ያመጡት ታጣቂዎቹ ይሆናሉ፣ መንደሩ ባዶ ነበር ይላሉ። ለዚህም የሚያቀርቡት አንድ ማስረጃ አለ፤ ቦንቡ ከመጣሉ በፊት የብርጌዱ የሕግ መኮንን የጻፈው የሕግ አስተያየት። እዚያ ላይ ነዋሪዎቹ ከሦስት ቀን በፊት በተበተነ ወረቀት ተነግሯቸው እንደወጡ ተጽፏል። የመንደሩ ሰዎች ደግሞ የተበተነ ወረቀት አላየንም፣ ማንም ከቤቱ አልወጣም ይላሉ። ጉባኤው ከሁለት አንዱን ማመን ነበረበት። ባዶ ነበር ብሎ ካመነ የመንደሩ ሰዎች ውሸታሞች፣ ምናልባትም የሽፍታ ተባባሪዎች ተብለው ይቀራሉ፤ ሙታናቸውም እንዲሁ።

ያ የሕግ አስተያየት፣ አባሪ ሰባት የተባለው፣ ተራው ደረሰ። ሉሚንግ ወስፌውን ሰክታ ማንበብ ጀመረች።

ጽሑፉ ደስ አላት። እውነቱ ይነገር፣ ደስ አላት። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ሕጉ፣ ቀጥሎ ፍሬ ነገሩ፣ ከዚያ ውሳኔው፤ አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። በአገሩ ላይ ያለ መኮንን ሁሉ እንዲህ ቢጽፍ ብላ ተመኘች። ልብስ ሰፊ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ የተስተካከለ ኮት ሲያይ ዞር ብሎ እንደሚያየው ዓይነት ነበር ነገሩ። «ማን ያስተማረው ይሆን፣ የተባረከ» አለች በልቧ። ገጹን ገለበጠች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከአንዲት አንካሳ የእርሻ ጎሽ በቀር በመንደሩ ሕይወት ያለው ነገር አልቀረም።»

ሉሚንግ የጀመረችውን ስፌት ጨረሰች። ክሩን ቋጠረችው፤ በጥርሷ በጠሰችው። መዝገቡን ዘጋችው። እንደገና ከፈተችውና መስመሩን አየችው።

«ምን ሆንሽ?» አለች ማናንግ ቲባይ። «ፊትሽ የሩዝ እጣቢ መሰለ።»

ሉሚንግ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ያችን ጎሽ የፈጠረቻት እሷ ራሷ ነበረች።

ይህን ለመረዳት የሉሚንግን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ወጣት ጠበቃ ሳለች ሰባት ዓመት በጦር ሰፈር የሕግ ክፍል ሠርታለች። በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ አዛዦች ሁሉ የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ይህን ማድረግ እችላለሁ?» የሚል። የሚጠይቋት ግን ካደረጉት በኋላ ነው። አንድ ቀን እቃዋን በካርቶን አድርጋ ወጣች። አስቀድመው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ ብላ ማስተማር ጀመረች። የጦርነት ሕግ፤ የአገር ጥበቃ ሕግ። በመጀመሪያው ዓመት ክፍሏ ውስጥ ስድስት ተማሪ ነበር፤ ከስድስቱ ሁለቱ ክፍል ተሳስተው የገቡ ናቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ ቀልደኛ፣ መምህርት በዚያ አገር እንደምትጠራው፣ «ማም፣ ጥይት ሕግ ያነባል እንዴ?» አላት። «ጥይት አያነብም» አለችው፤ «የሚተኩሰው ግን ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እንዳንተ ከኋላ ተቀምጦ ካልሆነ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማረች። ቅዳሜ ቅዳሜ መኮንኖች ዩኒፎርማቸውን አውልቀው እንዲማሩ አደረገች። ለብርጌዱ አዛዦች ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ደጅ ስትጠና ኖራ፣ አንድ ሥርዓት አስገባች፤ የሕግ መኮንን በጽሑፍ አስተያየት ሳይሰጥ ከአውሮፕላን ምንም እንዳይጣል። ይህ ነበር ኩራቷ። ቤት አልሠራችም፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያች ሁለት ገጽ ወረቀት ግን በአንዲት ባለጌ ትእዛዝና በአንድ መንደር መካከል የምትቆም አጥር ናት ብላ ታምን ነበር።

ጎሿ የመጣችው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ለፈተና አንድ ጥያቄ አሰበች። መንደር ሀ የሚባል ስም የሌለው መንደር፤ አንድ ጎተራ፤ ጎተራው ውስጥ ታጣቂዎች። «ነዋሪዎቹ ተነግሯቸው ወጥተዋል እንበል» አለች፤ ፈተና ነውና ፍሬ ነገሩን የሚሰጠው አስተማሪ ነው። ከዚያ ተማሪዎቹ እንቅልፍ አጥተው የሚመጡ ናቸውና ትንሽ ፈገግ ይበሉ ብላ አንካሳዋን ጎሽ፣ በዚያ አገር እንደ በሬ ተጠምዶ የሚያርሰውን እንስሳ፣ ጨመረችበት። ወጥመድም ነበረች፤ ደካማው ተማሪ አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ጎሿ ይጽፋል። ፈተናው ካለቀ በኋላ ዋናውን መልስ ራሷ በሁለት ገጽ ተይባ አደለች።

የሕግ ተማሪዎች በዚያ አገር አንድ ልማድ አላቸው። የአስተማሪውን መልስ ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ያወርሳሉ፤ ታናናሾቹ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይይዙታል። ሉሚንግም ይህን ልማድ አልከለከለችም። እንዲያውም «እንደኔ ካልጻፋችሁ ነጥብ የለም» ትል ነበር፤ የመንግሥቱን የጠበቆች ፈተና የሚያርሙት ሰዎች ቸኩለው ስለሚያነቡ የተስተካከለ መልስ ይወዳሉ ብላ ነው። ትውልድ ሁሉ «የጎሿ መልስ» ይለዋል። በሠርግ ላይ ሳይቀር ጠጣ ያለ ጠበቃ ብድግ ብሎ በቃሉ ይወጣዋል፤ ሰውም ያጨበጭባል።

ሉሚንግ ከወንበሯ ተነሥታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። የዚያን ዓመት ጥራዝ አወጣች። ከአባሪ ሰባት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። የመንደሩ ስም ተለውጧል። ቀኑ ተለውጧል። የጎተራው አቅጣጫ ተለውጧል። «እንበል» የሚለው ቃል ወጥቷል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ። ከግርጌው ፊርማ አለ፤ ሻለቃ አርኔል ሱማጋይሳይ። ተማሪዋ ነበር። በሠርጉም ቀን በእናት ቦታ ከጎኑ የቆመችው እሷ ናት።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አርኔል ስትጠራው መጣ። የሲቪል ሸሚዝ ለብሷል፤ ባዶ እጁን አልመጣም፣ አንድ ሣጥን ደረቅ ዳቦ ይዟል። እንደ አገሩ የአክብሮት ልማድ ጎንበስ ብሎ እጇን አንስቶ ግንባሩን አስነካ።

«ማም፣ ከስተዋል።»

«ተቀመጥ ኖኖይ፣ ልጄ። በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«አልበላም» አለች ማናንግ ቲባይ ከጓዳ። «አንገቱን አላየሽውም? ሚስቱ በልብስ መስቀያ ነው የምታሳድረው?» ሩዝና ያን ጥቁር አተር በሥጋ የተሠራውን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

ሉሚንግ ሁለት ጉርሻ እስኪበላ ጠበቀችው። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ከሳህኑ ጎን አኖረች።

አርኔል የመጀመሪያውን አየና ፈገግ አለ። «የጎሿ ፈተና! ማም፣ እስከ አሁን አስቀምጠውታል?» ከዚያ ዓይኑ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ወዴት መሄድ እንዳለበት የጠፋው ይመስላል።

«መቼ ነው የጻፍከው?» አለችው።

«ስልክ ተደወለልኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ አለህ አሉኝ። አብራሪዎቹ ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው፣ የቀረው ያንተ ወረቀት ነው አሉኝ። ናሙናው፣ የእርስዎ መልስ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። የመንደሩን ስም፣ ቀኑን፣ አቅጣጫውን ቀየርኩ። ፈረምኩ።»

«ወረቀት መበተኑን ማን ነገረህ?»

አርኔል ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሰዎቹ ሲወጡ ማን አየ?»

«ማም፣ ናሙናው ላይ እኮ—»

«ናሙናው ላይ ያየሁት እኔ ነኝ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነው መንደሩን ያስወጣሁት። ጎሿንስ? ጎሿ ላይ ስትደርስ ምንም አላልክም?»

አርኔል ራሱ አሁን ገና የሰማው ነገር ይመስል ቀስ ብሎ መለሰ። «አላነበብኳትም። በቃሌ ነው የማውቃት። በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ያነባል?»

በተማሪነቱ ዓመት ያንኑ ጥያቄ ደግማ አቅርባ ለአርኔል መቶ ከመቶ የሰጠችው ሉሚንግ ናት። ወረቀቱ ላይ በቀይ እርሳስ «ቃል በቃል። እንዲህ ነው!» ብላ ጽፋበታለች። ልጁ ያን ወረቀት በመስታወት ከቶ ቢሮው ሰቅሎታል፤ ጎብኝታው በዓይኗ አይታለች፤ ደስ ብሏትም ነበር።

«ሐሙስ ጉባኤው ፊት ምን ይላሉ?» አለ አርኔል።

«አላውቅም።»

«ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ ማም። ናሙናውን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም። ስመደብ እዚያው አገኘሁት። ከኔ በፊት የነበረውም ተጠቅሞበታል። ሥራውን ልቀቅ ካሉኝ እለቃለሁ፤ ግን እርስዎ ደህና ነው ካሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስምዎም አይነሣም።»

ሲወጣ እንደገና እጇን አንስቶ ግንባሩን አስነካ። ግንባሩ ላብ ነበር።

ማናንግ ቲባይ ሳህኑን እያነሳች፣ «ዝም በይ» አለቻት። «ሰው ሁሉ ከአንድ ቦታ ይገለብጣል። ቄሱስ ስብከቱን ከየት የሚያመጣው ይመስልሻል?»

«ቄሱ ሲሳሳት ሰው ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም።»

«ልጁ ግን ልጅሽ ነው።»

«ነው» አለች ሉሚንግ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ዝናብና ስለ ዓሣ ብቻ ሲያወሩ ሰነበቱ።

ሐሙስ ጠዋት ሉሚንግ ቀድማ ደረሰች። የጉባኤው አዳራሽ ገና አልተከፈተም፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ተቀምጣበታለች፤ እግሯ አጠገብ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር፣ ጭኗ ላይ ደብተር። የአግሉንታይ የጤና ሠራተኛ፣ ቢሲንግ የሚሏት ናት። ሴትዮዋ የሉሚንግን ማንነት አላወቀችም፤ ሽበቷን አይታ ወንበሩን አካፈለቻት፤ ቅጠሉንም ፈትታ የተቀቀለ ካሳቫ ቆርሳ ሰጠቻት።

«ብይ እቴ። እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ ምሳ አያስቡም።»

ሉሚንግ በላች። እንደ አገሩ ደንብ ታላቋን ማናንግ ብላ ጠራቻት። «ማናንግ፣ ደብተሩ የምንድን ነው?»

«የልጆቹ ክብደት። በየወሩ በመጀመሪያው ማክሰኞ እመዝናቸዋለሁ። ሚዛኑ የሚንጠለጠል ነው፤ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት ያለው ደግሞ ጎተራው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እዚያ ነው።» ደብተሩን ከፈተችው። የሕፃናቱ ስም፣ የእናቶቻቸው ስም፣ ኪሎው፤ ሁሉም በንጹሕ እጅ ተጽፏል። የነሐሴው ገጽ ላይ አሥራ ሁለተኛው ስም ተጽፎ ከጎኑ ያለው ባዶ ነው። «ስድስት ኪሎ ከ… ስል ነው ቦንቡ የወደቀው። አንዷ እናት ከበሩ ሆና ውሃ ልቀዳ ልውጣ ስትለኝ፣ ቆዪ ይችን ልጨርስ ብዬ ወደ በሩ መለስ አልኩ። ፍንዳታው ከበሩ ወዲያ ወረወረኝ።»

«ይህን አሳይተዋቸዋል?»

«አሳየሁ። የእነሱ ጠበቃ በኋላ የተጻፈ ነው አለ። እጅግ ንጹሕ ነው አለ። ከተማ ይዤው ስወርድ እንዳያፍሩብኝ ብዬ እኮ ነው በንጽሕና የምጽፈው።» ሴትዮዋ ደብተሩን ዘጋች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው ነው የመጣሁት። ከላይ ሆነው የጉንዳን እግር ያያሉ ይባላል። እንግዲያው አዩን። የታቀፉትን እናቶች አዩ። አይተው ለምን? ሁለት ዓመት ይህን እጠይቃለሁ።»

ሉሚንግ የቀረውን ካሳቫ ቅጠሉ ላይ መለሰች። «ማናንግ» አለች፣ «በመንደራችሁ ጎሽ ነበር?»

«ጎሽ?» ሴትዮዋ ሳቀች። «በዚያ ገደል ላይ? ጎሽ ቢወጣው እኛም ባረስንበት! በእጃችን ነው የምንቆፍረው።»

በሩ ተከፈተ።

አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። በግራ የብርጌዱ ጠበቃ፣ ከጎኑ አርኔል በዩኒፎርሙ። በቀኝ የመንደሩ ሰዎች። ከጣሪያው የሚሽከረከረው ማራገቢያ ሙቀት ብቻ ነበር የሚያዞረው። ሉሚንግ ቃለ መሐላ ፈጸመች።

«ፕሮፌሰር፣ አባሪ ሰባትን አንብበዋል?»

«አንብቤያለሁ።»

«እንደ ባለሙያ ሲያዩት ጽሑፉ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ።» የብርጌዱ ጠበቃ እስክሪብቶውን ከደነ። «የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ዳኛው የሰሙትን ያልሰሙ ይመስል ጆሯቸውን አስጠጉ። ሉሚንግ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ጥራዝ አቀረበች። ጥያቄውን አነበበች፤ መልሱን አነበበች፤ ከዚያ አባሪ ሰባትን አነበበች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደችው ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ጠበቆች አንዳንዶቹ ጎሿ ላይ ስትደርስ ሳያውቁት በከንፈራቸው አብረዋት ይሉት ጀመር፤ ከዚያ አፋቸውን ያዙ።

«ፕሮፌሰር» አለ የብርጌዱ ጠበቃ፣ «ሁለት ሰዎች በአንድ ሕግ ላይ ሲጽፉ መመሳሰላቸው የተለመደ ነው።»

«የተለመደ ነው። ሁለት ሰዎች ግን አንድ ዓይነት አንካሳ ጎሽ አያዩም። ጎሽ ወጥቶበት በማያውቅ ተራራ ላይ ደግሞ አንድ ሰውም አያይም።»

ዳኛው ወደ አርኔል ዞሩ። ጠበቃው ክንዱን ያዘው፤ አርኔል ግን ተነሣ። «እውነቷን ነው» አለ። «ማንንም አልጠየቅኩም።» ተቀመጠ። ወደ ሉሚንግ አላየም። እሷ ግን ታየው ነበር፤ የሸሚዙ ኮሌታ እንደ ሁልጊዜው በግራ በኩል ተጣሟል፣ የሚያቃናለት የለም።

ይህን ጊዜ ከቀኝ በኩል ቢሲንግ እጇን አወጣች። ተራዋ አልነበረም፤ ዳኛው ግን ፈቀዱላት። ሉሚንግን ነበር የምታየው፤ ካሳቫ ያካፈለቻትን ሴት።

«አልገባኝም» አለች። «እንግዲህ ማንም አላየንም ማለት ነው?»

«ማንም አላየም፣ ማናንግ።»

«ከላይም?»

«ከላይም። ባዶ ነው የሚል ወረቀት ስለነበረ የፈለገ አልነበረም።»

ቢሲንግ ደብተሩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እኔ አንድ ሰው አይቶን ነው ብዬ ነበር» አለች። «ልብስ ሳጥብ፣ ሩዝ ስወቅጥ፣ ከዚያ ሰው ጋር ነበር የምጣላው። ዓይን ያለው ሰው ነበር። አሁን ከማን ጋር ልጣላ? ከጎሽ ጋር?»

ሉሚንግ እውነቱን መናገር ለመንደሩ ሰዎች እፎይታ ይሰጣል ብላ ነበር የመጣችው። ለዚህች ሴት የሰጠቻት ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ጉባኤው በዚያው ሳምንት መንደሩ ባዶ እንዳልነበረ፣ ደብተሩም እውነተኛ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። አርኔል ከሥራው ታገደ። ለሉሚንግ አንድ መስመር ጻፈላት፤ «መስታወቱን አወረድኩት» ይላል። ማናንግ ቲባይ ደብዳቤውን አንብባ፣ «ለሚስቱ ሩዝ እልካለሁ፣ እንዳትከለክይኝ» አለች። አልከለከለቻትም።

የባሰው የመጣው ግን ያን ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሉሚንግ ጥራዟን ለማስመዝገብ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ገባች። የጉባኤውን ቃል የምትጽፈው ልጅ፣ ጸጥ ያለች፣ መነጽር ያደረገች፣ ማኅተሙን ልትመታ ብድግ አደረገችና ቆመች።

«ማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህችን ጎሽ አውቃታለሁ።»

«ተማሪዬ ነበርሽ?»

«አይ፣ እኔ ሕግ አልተማርኩም። ባለፈው ዓመት ሌላ ደሴት ለሌላ ጉባኤ ስጽፍ ነበር። እዚያም ነበረች። ከመንደሩ ሁሉ እሷ ብቻ ቀረች ሲሉ፣ ምስኪን፣ ምን በልታ ትኖራለች ብዬ አዝኜላት ነበር።»

ሉሚንግ እስክሪብቶ አወጣች። «የመንደሩ ስም ማን ነበር?»

«ተዘግቷል ማም። መዝገቡ ታሽጓል። መናገር አልችልም።» ልጅቷ ማኅተሙን መታች።

ከዚያ ወዲህ ሉሚንግ ደብዳቤ ትጽፋለች። የሠላሳ አንድ ዓመት የስም ዝርዝር አውጥታ፣ የጎሿ መልስ ለየትኛው መንደር እንደዋለ እየጠየቀች ለእያንዳንዱ ተማሪዋ ጽፋለች። ግማሾቹ አልመለሱም። አንዳንዶቹ ስድብ መለሱ። ሦስቱ ግን እያንዳንዳቸው አንድ የመንደር ስም ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ላኩላት፤ ፊርማ የለበትም። የምታስታውሰው የራሷን ተማሪዎች ነው፤ ተማሪዎቿ ያስተማሯቸውን፣ እነሱም ያወረሷቸውን ግን አታውቃቸውም። ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ የሕግ ጽሑፍ ሲተረጎም ብዙም አይለወጥም፤ ጎሿ ግመል ወይም በቅሎ ሆና ይሆናል። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ የምትለምነው አንድ ነገር አለ፤ እንዲህ ብላለች፦

«በቤታችሁ ሕግ የተማረ ወይም ወታደር የነበረ ሰው ካለ፣ ያረጀ ወረቀቱን ሳታቃጥሉ እዩልኝ። ባዶ ነው በተባለ መንደር ውስጥ አንዲት አንካሳ እንስሳ ብቻዋን ቀርታ ካገኛችሁ፣ የመንደሩን ስም ጻፉልኝ። ማን እንደፈረመበት አልጠይቃችሁም። ስሙን ብቻ፤ ሄጄ ማን እንደነበረበት እንድጠይቅ።»